የአርቺ ሮች ዜማ ከወዴት መጣ?

በምንሰባሰብበት የመምህራን ክበብ ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ለሙዚቃ ተመድቦ ነበር። ተራው የእኔ ስለ ነበረ የአውስትራሊያዊውን የዜማና የግጥም ደራሲ የአርቺ ሮችን አንድ ዘፈን አሰማሁ። ዘፈኑ ከአንድ ጊታርና ከአንድ ሰው ድምፅ ብዙ የራቀ አይደለም። ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ፣ በዕድሜም በዕውቀትም የምናከብራቸው አንድ የታሪክ መምህር ጉሮሮአቸውን ጠረግ አድርገው፣ ዘፈኑ ልብ የሚነካ መሆኑን ከመሰከሩ በኋላ አንድ ጥያቄ አነሡ። ይህ ሰው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጅ ነው ብለኸናል፤ ታዲያ የነባሩ ሕዝብ ሙዚቃ የቱ ላይ ነው? ጊታሩ የስፔን፣ ቋንቋው የእንግሊዝ፣ የዜማው አካሄድ የአሜሪካ ገበሬ፣ ስሜቱ የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ እንጉርጉሮ ነው። ከሰውዬው መልክ በቀር የአገሩ የሆነ ምን አለ? አሉ።

ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በእኛም አገር የኪነት ሰዎች በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ በሌላ መልክ ይነሣል። አንድ ወጣት አንቺ ሆዬን በሳክስፎን ሲጫወት፣ ይህ የእኛ ነው ወይስ የባዕድ? ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም እንደ መላሹ ስሜት ወዲያና ወዲህ ይላል። አገር በቀልነት በመሣሪያው፣ በልብሱና በቅኝቱ ይለካል የሚሉ አሉ። እኔ ይህን መለኪያ ከጥንትም አላመንሁበትም፤ የአርቺ ሮችን ሕይወትና ሥራ በቅርብ ከተከታተልሁ ወዲህ ግን መለኪያው ራሱ ግፍ ሊሆን እንደሚችል ተገንዝቤአለሁ። በዚያ ምሽት ለባልደረባዬ የመለስሁላቸው በአጭሩ ነበር። ሰፋ ያለውን መልስ እነሆ እዚህ አቀርባለሁ።

አርቺ ሮች በ1956 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ሙሩፕና በተባለች ከተማ ተወለደ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ የጉንዲችማራ፣ አባቱ የባንጃላንግ ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። ቤተሰቡ በግዛቲቱ ደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው፣ ቀድሞ የሚስዮን ሰፈር ወደ ነበረችው ወደ ፍራምሊንግሃም ተዛወረ። እዚያ ሳሉ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ የመንግሥት ሹማምንት መጥተው ሕፃኑን አርቺንና እኅቶቹን ከወላጆቻቸው ነጠቁ። ይህ በአንድ ቤት ላይ ብቻ የደረሰ አደጋ አልነበረም፤ ሕግና ደንብ የወጣለት አሠራር ነበር። የነባሩ ሕዝብ ልጆች ከወገናቸው ርቀው በነጮች ተቋምና ቤት ቢያድጉ በጊዜ ብዛት ቋንቋውም፣ ልማዱም፣ ትዝታውም ይጠፋል የሚል ሐሳብ ከበስተ ኋላው ነበረ። በ1997 ይፋ የሆነው የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ዘገባ እንደ ገመተው፣ ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ውስጥ ከነባሩ ሕዝብ ልጆች መካከል ቢያንስ ከአሥር አንዱ፣ ቢበዛ ከሦስት አንዱ በኃይል ተወስዷል።

እንግዲህ ባልደረባዬ የጠየቁት «የአገሩ ሙዚቃ» ለዚህ ልጅ ከየት ይደርሰው ነበር? ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ነገር ሁሉ ገና በአፉ ላይ ቃል ሳይሟላ ተቆርጧል። ዜማ የሚወረስበትን ሐረግ የቆረጠ ሥርዓት ቆይቶ ደግሞ «የአባቶችህ ዜማ የታለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከተጠያቂው ይልቅ በጠያቂው ላይ የሚመሰክር ይሆናል።

አርቺ በሕፃናት ማሳደጊያና ባልተስማሙት ቤቶች ካለፈ በኋላ በሜልቦርን ከተማ የሚኖሩ ደግ ሰዎች አሳደጉት። ደግነታቸውን እርሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ መስክሯል። እነርሱም ቢሆኑ ተታለው ነበር፤ የልጁ ቤተሰብ በቤት ቃጠሎ እንዳለቀ ነበር የተነገራቸው። አባወራው ከስኮትላንድ የመጣ ሰው ነበርና የአገሩን ዘፈን እየናፈቀ ይዘፍናል፤ ሸክላም ይሰበስባል። ከሸክላዎቹ መካከል የማሃሊያ ጃክሰንና የናት ኪንግ ኮል ነበሩበት። የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ መዝሙር ትዘምራለች፤ የኪቦርድንና የጊታርን መጀመሪያ ያስተማረችው እርስዋ ናት። ከዚያም በጴንጤቆስጤ ጉባኤ የሰማው ሞቅ ያለ መዝሙር አለ። በላዩም የአሜሪካው የሃንክ ዊልያምስ የገጠር ዘፈን ታከለበት፤ ብዙዎች እንደሚያውቁት ይህ ሰው ከአርቺ ሮች የመጀመሪያ አርአያዎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን ጥቂት ላቆይ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም እነዚህ ምንጮች በየራሳቸው ሲመረመሩ «የማን ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ባልደረባዬ እንዳሰቡት ቀጥተኛ አይደለም። ሃንክ ዊልያምስ በ1923 በአላባማ ተወልዶ በ1953 የመጀመሪያ ቀን ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የሞተ ነጭ ዘፋኝ ነው። ጊታር ያስተማረው ግን ሩፈስ ፔይን የተባለ ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነበር። ስለዚህ «የነጭ ገበሬ ዘፈን» የተባለው ነገር ከሥሩ ሲቆፈር የጥቁር ሕዝብ እንጉርጉሮ ይገኝበታል። ማሃሊያ ጃክሰን በበኩልዋ በ1911 በኒው ኦርሊንስ የተወለደች የመንፈሳዊ መዝሙር ንግሥት ናት። ብሉስ አልዘፍንም ብላ በአቋምዋ የጸናች ሴት ብትሆንም በልጅነትዋ የብሉስ ዘፋኝዋን የቤሲ ስሚዝን ሸክላ እየሰማች ነው ያደገችው። ይህም በድምፅዋ ውስጥ ይሰማል፤ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን፣ ጩኸቱ የጥጥ እርሻ ነው። ታዲያ አንድ ከእናቱ የተነጠቀ ሕፃን በሜልቦርን አንድ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይህን ድምፅ ሲሰማ የሰማው የባዕድ ነገር ነው ለማለት ማን ይደፍራል? ከእናቶቻቸው ላይ እየተነጠቁ የተሸጡ ሕፃናት የልጅ ልጆች ያወረሱት ድምፅ ነው።

የሃንክ ዊልያምስ ነገር ለእኔም እንግዳ አይደለም። ባደግሁበት የክፍለ ሀገር ከተማ በአንድ ሻይ ቤት የጂም ሪቭስ ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይሰማ ነበር። ቃሉን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ አንድም አልነበረም፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ግን ሻያቸውን እያማሰሉ በዝምታ ያዳምጡታል። የርቀትና የናፍቆት ዘፈን መሆኑን ለማወቅ እንግሊዝኛ አላስፈለጋቸውም። በአውስትራሊያም ነባር ሕዝብ ዘንድ የገጠር ዘፈን የነበረውን ቦታ ሳነብ የመጡብኝ እነዚያ ሾፌሮች ናቸው። ክሊንተን ዎከር የተባለ ጸሐፊ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በከብት እርባታ ጣቢያዎች፣ በሚስዮን ሰፈሮችና በከተማ ዳርቻዎች ይህ ዘፈን ከአንድ ትውልድ በላይ የነባሩ ሕዝብ የራሱ መናገሪያ ሆኖ ኖሯል። ከመሬቱ የተነቀለ ሰው ስለ ቤት የሚዘፍን ዘፈን ቢወድ ምኑ ይደንቃል?

እንዲያውም ነገሩ ከሬዲዮና ከሸክላ በፊት የጀመረ ነው። የአሜሪካ ባሮች ልጆች የነበሩበት፣ የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የኢዮቤልዩ ዘማሪዎች የተባለው ጓድ ከ1886 ጀምሮ በአውስትራሊያ ሲዘዋወር፣ በማሪ ወንዝ ዳር በነበረው በማሎጋ ሚስዮን ለነባሩ ሕዝብ ዘምሮ ነበር። የፈርዖን ሠራዊት በባሕር መስጠሙን የሚያወሳው መዝሙራቸው ወደ ዮርታ ዮርታ ቋንቋ ተተርጉሞ እስከ ዛሬ ይዘመራል። አርቺ የተወለደባት ሙሩፕና ደግሞ ከዚያ ብዙም የማትርቅ፣ የእነዚሁ የዮርታ ዮርታ ሰዎች አገር ናት። እንግዲህ እርሱ ከመወለዱ ሰባ ዓመት አስቀድሞ የጥቁር አሜሪካውያን የነፃነት መዝሙር በትውልድ ቀዬው በአገሬው ቋንቋ ሲዘመር ነበር። ሰባ ዓመት የኖረን እንግዳ፣ እንግዳ ነህ ማለት ከእኛ ባሕል ጋር የሚሄድ አይመስለኝም።

«ቢያንስ ዲጀሪዱ ቢነፋ ምን ነበረበት?» ያለኝም ሰው አለ። ዲጀሪዱ በምስጥ ከተቦረቦረ ግንድ የሚሠራ፣ በፊልምና በቱሪስት ፖስት ካርድ ሁሉ ላይ የምናየው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የትውልድ ቦታው የአህጉሪቱ ሰሜን ነው፤ የጉንዲችማራ ሕዝብ ጥንት አያውቀውም። በደቡብ ምሥራቅ የነበሩት ሴቶች የፖሰም ቆዳ ካባቸውን ጭናቸው ላይ ወጥረው እንደ ከበሮ ይመቱ ነበር፤ ወንዶቹ በትር ከበትር ያጋጩ ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል በከንፈር እየነፉ የሚጫወቱ ጓዶች ተቋቋሙ፤ አንደኛው የዋላጋ ሐይቅ ጓድ በ1932 የሲድኒ ወደብ ድልድይ ሲመረቅ በሰልፉ ላይ ተጫውቷል። ስለዚህ አርቺ ሮች የአገሩን ሰው ለመምሰል ሲል ዲጀሪዱ ቢያነሣ ኖሮ፣ ከጊታሩ ይልቅ የተዋሰው መሣሪያ ያ በሆነ ነበር። «ባሕላዊ» የምንለው ነገር ስንት ጊዜ የፖስት ካርድ ባሕል እንደሚሆን የኪነት ቡድን ያደራጀ ሁሉ ያውቀዋል። ከአንዱ ብሔረሰብ ልብስ፣ ከሌላው ጭፈራ እየተወሰደ በመድረክ ላይ ሲቀርብ አይተናል።

ወደ ሕይወቱ ልመለስ። አርቺ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በትምህርት ቤት ሳለ በማያውቀው የቤተሰብ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰው። የጻፈችለት እኅቱ ናት፤ እናታቸው መሞትዋን ታረዳዋለች። ያልሞቱ መስለው ያልታዩት፣ ሞቱ የተባሉት ደግሞ ያልሞቱት የእናቱ ነገር እንዲህ በአንድ ወረቀት መጣ፤ እናት እንዳለችው ያወቀውም እናት እንደሌለችው ያወቀውም በአንድ ቀን ነው። ጊታሩን ይዞ ከቤት ወጣ። እኅቱን ፍለጋ ሲድኒ ወረደ፤ በአድራሻው አላገኛትም። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመንገድ፣ የመጠጥና የእስር ዓመታት ናቸው። በጂሚ ሻርማን የቦክስ ድንኳን ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በክፍያ ተደባድቧል። በአደሌድ ከተማ፣ በሳልቬሽን አርሚ መጠለያ፣ እንደ እርሱ በሕፃንነትዋ ከቤተሰብዋ የተወሰደችውን የንጋሪንጄሪ ተወላጅ ሩቢ ሃንተርን አገኘ። ሁለቱም ያኔ ገና ወጣቶች ነበሩ። በ2010 በሞት እስኪለያዩ ድረስ የኑሮም የሙዚቃም ጓደኛው እርስዋ ናት።

በሜልቦርን ፊትዝሮይ በተባለው ሰፈር፣ ቻርኮል ሌን ብለው የሚጠሩት ስርጥ ነበር፤ የከሰል መንገድ ማለት ነው። የነባሩ ሕዝብ ልጆች እዚያ ተሰብስበው ይጠጣሉ፣ ያወጋሉ፣ ዘመድ ያፈላልጋሉ። አርቺም የሥጋ ዘመዶቹን ያገኘው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። አንዱ ሌላውን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በስሙ በኩል ወደ እናት፣ በእናት በኩል ወደ አያት ይደርሳል። ከዚህ ሰፈር ውስጥ የሰውዬው የኪነት ትምህርት ቤት ምን እንደ ነበረ ይገለጥልናል። ዜማውን ከሸክላ ተምሯል፤ ምን እንደሚዘፈን ግን የተማረው በዚያ ስርጥ፣ የዘር ሐረግ ከሚቆጥሩ ሰካራሞች ነው። ይህን ስጽፍ ስካርን ማሞገሴ አይደለም፤ እርሱም መጠጡን ከብዙ ሥቃይ በኋላ ትቶ፣ በተራው ሌሎች እንዲተዉ ሲረዳ የኖረ ሰው ነው።

ዘፈኑ በእኔ አስተያየት ለምን የነባሩ ሕዝብ ዘፈን እንደ ሆነ የሚያስረዳው ከሁሉ ይበልጥ የአወላለዱ ታሪክ ነው። ወደ ፍራምሊንግሃም ሲመለስ ባንጆ ክላርክ የተባሉ የአገሩ ሽማግሌ ያን የነጠቃ ቀን ይተርኩለት ነበር። ስለዚህ ነገር ዘፈን ጻፍ ያሉትም እርሳቸው ናቸው። አርቺ ሕፃን ስለ ነበረ ቀኑን አያስታውሰውም፤ ሽማግሌው ግን በቦታው ነበሩ፤ ያዩትን ነገሩት። «ልጆቹን ወሰዱ» የሚል ትርጉም ያለው ታላቁ ዘፈኑ የተገኘው እንግዲህ እንዲህ ነው። ግለሰቡ ከገዛ ትዝታው ያወጣው ሳይሆን፣ ሽማግሌ አደራ ብሎ በወጣት አፍ ያስቀመጠው ምስክርነት ነው። ዜማው ሃንክ ዊልያምስን ቢመስል፣ የመጣበት መንገድ ግን ከጥንት ጀምሮ ነባሩ ሕዝብ ታሪኩን ያስተላለፈበት መንገድ ነው። ባልደረባዬ የነባሩ ሕዝብ ሙዚቃ የቱ ላይ ነው? ሲሉ ላሳያቸው የምችለው ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

አሠራሩንም ልብ ማለት ይገባል። ዘፈኑ ስሙኝ ብሎ እንደ ተረት ነጋሪ ይጀምራል። ከአንድ ሰፈር ወደ አንድ ቤት፣ ከአንድ ቤት ወደ አንዲት እናትና ወደ አንድ አባት ይጠባል፤ ከዚያም ወደ ሁሉም ልጆች ይሰፋል። በመጨረሻ ያ ተደጋጋሚ አዝማች ፊቱን ያዞርና ልጆቹ ይመለሳሉ። በመላው ዘፈን ውስጥ አንድም የስድብ ቃል የለም። ድምፁም አይጮኽም፤ ማሃሊያ ጃክሰን በዝግታ ስትጀምር እንደምታደርገው ቃሉን በትንፋሽ ይዞ ያቆየዋል። እኔ ይህን ቁጥብነት ከማናቸውም የዘፈኑ ባሕርይ አብልጬ እወድለታለሁ። ብዙ የተቃውሞ ዘፈን ሰምተናል፤ አብዛኛው አድማጩን ያዝዘዋል፤ ይኸኛው አድማጩን ያስቀምጠዋል።

«ብሉስ»ን በአማርኛ እንጉርጉሮ እያልን መተርጎም ለምደናል። ጥሩ ትርጉም ነው፤ ግን ለአርቺ ሮች ሁልጊዜ የሚስማማ አይደለም። እንጉርጉሮ ሴቲቱ በወፍጮዋ ላይ፣ መንገደኛው በበቅሎው ላይ ለራሱ የሚለው ነው፤ ሌላ ሰው ቢሰማው እንኳ ለሰሚ ተብሎ አልተነገረም። ሙሾ ግን አልቃሽዋ በሰው ፊት ቆማ የሟቹን ስምና ታሪክ እያወጣች የምታወርደው፣ ሰዉም ተቀብሎ የሚመልስላት ነው። «ልጆቹን ወሰዱ» በእኔ ጆሮ ከእንጉርጉሮ ይልቅ ለሙሾ ይቀርባል። ተቀባይ ይፈልጋል። ተቀባይ ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ ለማወቅ ከሚጠቅሙት ታሪኮች አንዱ ቀጥሎ ያለው ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ታዋቂው ነጭ ዘፋኝ ፖል ኬሊ በሜልቦርን ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ለሚያቀርበው ዝግጅት መክፈቻ እንዲሆን አርቺን ጋበዘው። በቴሌቪዥን አይቶ የጠቆመው የጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ኮኖሊ ነበር። አርቺ ለብቻው ወጥቶ ሁለት ዘፈን ዘፈነ፤ የመጨረሻው «ልጆቹን ወሰዱ» ነው። ሲጨርስ አዳራሹ ዝም አለ። ማንም አላጨበጨበም። የማያውቀው የነጭ ሕዝብ ዘፈኑን ጠልቶብኛል ብሎ አሰበና ጀርባውን ሰጥቶ ከመድረክ መውረድ ጀመረ። ያኔ አንድ ቦታ ላይ ጭብጨባ ተሰማ፤ ሌላው ተቀበለው፤ እንደ ዝናብ ቀስ በቀስ እየከበደ መጥቶ አዳራሹን ሞላው። እኔ ያን ዝምታ ከጭብጨባው አብልጬ አስበዋለሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ይህ ነገር በአገራቸው መፈጸሙን በዚያች ቅጽበት የሰሙ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚያ በኋላ ሸክላ እንዲያስቀርጽ ሲጠየቅ አመነታ። ሩቢ ሃንተር ጉዳዩ የእርሱ የብቻው እንዳልሆነ፣ ለወገኖቹ ሁሉ የሚሆነውን እንዲያስብ አሳሰበችው፤ ይህን ታሪክ እርሱ ራሱ ደጋግሞ ይናገረው ነበር። በ1990 ፖል ኬሊና ስቲቭ ኮኖሊ ያዘጋጁት «ቻርኮል ሌን» ወጣ። በውስጡ ሩቢ የደረሰችው ስለ ከተማ ጎዳና ኑሮ የሚናገር ዘፈንም አለ፤ ጎዳናውን አብረው ስለ ኖሩት በእርሱ ድምፅ ቢዘፈንም ባለቤትነቱ አይለይም። በ1991 ታላቁ ዘፈን የአውስትራሊያን የሰብዓዊ መብት ሽልማት አገኘ። ኮሚሽኑ ምስክር ሰምቶ ዘገባውን ያወጣው፣ ከላይ እንደ ጠቀስሁት በ1997 ነው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ረድ በምክር ቤት ቆመው የተወሰዱትን ልጆች ይቅርታ የጠየቁት በየካቲት 2008 ነው። ዘፈኑ ዘገባውን በሰባት ዓመት፣ ይቅርታውን በአሥራ ስምንት ዓመት ቀድሟል። ዘፈን መንግሥትን አንበረከከ ማለቴ አይደለም፤ ይህን ዓይነት ማጋነን ለኪነት የሚጠቅማት አይመስለኝም። ብዙ ሰው ለብዙ ዓመት ታግሏል። ነገር ግን በየቤቱ የተደበቀውን ነገር በአደባባይ ለመናገር የሚያስችል ቋንቋ ሰጥቷል፤ ብዙዎች ዘፈኑን ሰምተው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሳቸው ተናግረዋል።

ከመንገዱ ጓደኞች አንዱን፣ ኬቭ ካርሞዲን፣ ሳልጠቅስ ባልፍ አይገባም። በ1946 የተወለደ፣ ከወላጆቹ ተለይቶ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ከዚያም ለብዙ ዓመት የጉልበት ሥራ የሠራ ሰው ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በጽሑፍ ገና ስላልበረታ የታሪክ ትምህርቱን ጊታር እየመታ በቃል እንዲያቀርብ መምህራኑን አስፈቅዷል። ከፖል ኬሊ ጋር ደግሞ በ1966 የጉሪንጂ ሠራተኞች በዌቭ ሂል ከብት እርባታ ያደረጉትን የሥራ ማቆምና የመሬት ጥያቄ የሚተርክ ዘፈን ደርሷል። ካርሞዲ ከአርቺ ይልቅ ቁጡ ነው፤ ጣቱን ይቀስራል። ሁለቱ ባይነጣጠሉ እወዳለሁ፤ አንዱ ሲከስስ ሌላው ይመሰክራል።

አርቺ ሮች እውቅ ከሆነ በኋላ ከቦብ ዲለን፣ ከትሬሲ ቻፕማንና ከጆን አርማትሬዲንግ ጋር መድረክ ተጋርቷል፤ በ2002 «ዘ ትራከር» በተባለው ፊልም ውስጥ ዘፈኖቹን ዘፍኗል። ስለዚህ ዘመኑ ብዙ ማለት አልፈልግም። ያሉት ሥራዎች ጥሩዎች ናቸው፤ ግን አንዳንዱ የመሣሪያ ብዛት ቃሉን ይጋርደዋል። 2010 የመከራው ዓመት ነበር። በመጀመሪያ ሩቢ ሞተች፤ በዚያው ዓመት እርሱ በስትሮክ ተመታ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በካንሰር ምክንያት የሳንባው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። የሚገርመው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2012 ያወጣው ሥራ በሕብረ ዝማሬ የታጀበ፣ ከልጅነቱ ጉባኤ የወጣ የሚመስል መሆኑ ነው። የሚስቱን ሐዘን የሚያስችል ድምፅ ፍለጋ የሄደው ወደዚያው ወደ ማሃሊያ ጃክሰን ሸክላ ነበር።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምሰማው ግን በ2020 ያወጣውን ነው። የ1990ውን ሸክላ ዘፈኖች ከሠላሳ ዓመት በኋላ በቤቱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ በጥቂት ጓደኞች ታጅቦ እንደገና ዘፈናቸው። በሠላሳ አራት ዓመት ጐልማሳ ድምፅና በስድሳ አራት ዓመት በሽተኛ ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪዎቼ ጎን ለጎን አሰማቸዋለሁ። የኋለኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዱሮ በአንድ ትንፋሽ ያልፈው የነበረውን ሐረግ አሁን ከሁለት ይከፍለዋል። ያቺ መቆረጥ ለዘፈኑ አዲስ ትርጉም ትሰጠዋለች፤ ሽማግሌው ባንጆ ክላርክ ለወጣቱ የነገሩትን አሁን ወጣቱ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይነግረዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአገሪቱ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ በክብር መዝገብ ሲያሰፍረው፣ የኦክስጂን ቱቦ በአፍንጫው እንደ ተሰካ ያንኑ ዘፈን ዘፈነ።

ወገኖቹ አጎት አርቺ ይሉት ነበር፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ያለ የአክብሮት አጠራር ነው። በሐምሌ 30 ቀን 2022 በዋርናምቡል ከተማ ሆስፒታል በስድሳ ስድስት ዓመቱ አረፈ። በብዙዎቹ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ልማድ የሟች ስም ከሞቱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አይጠራም፣ ምስሉም አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። የእርሱ ልጆች ግን ሙዚቃው ለሌሎች መነሣሻ ሆኖ እንዲቀጥል ስሙ እንዲጠራና ምስሉ እንዲታይ ፈቃዳቸውን ሰጡ። በክበባችን ዘፈኑን ያሰማሁትም፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሙን ሳልሸፍን ደጋግሜ የጻፍሁትም በዚያ ፈቃድ ነው።